መቀስ ያልነካው ቀጋ

አዳማ፣ አንድ ችግኝ ጣቢያ ሥራ በገባሁበት ቀን ባለቤቱ አቶ ግርማ የሰጡኝ አካፋና ወንፊት ነበር። አፈር፣ አሸዋና የተብላላ ፍግ እየነፋሁና እየደባለቅሁ ፕላስቲክ ከረጢት ስሞላ ዋልኩ። ያን ጊዜ የማታ ተማሪ ነበርኩ፤ በክፍሉ በዕድሜ ትልቋ እኔ ስለሆንኩ በጥፍሬ አፈር ማንም አልሳቀም።

ወደ ቀጋ የመራኝ የማታው ንባብ ነው። ልጅ ሆነን ቀይ ፍሬውን እየለቀምን የምንበላው ያ እሾሃም ቁጥቋጦ፣ ለካ የገዛ አገራችን ጽጌረዳ ኖሯል። በማግስቱ ልትከለው ብዬ አቶ ግርማን አስፈቀድኳቸው። እሾህ በገንዘቡ የሚገዛ ደንበኛ እስካሁን አልገጠመኝም ብለው ሳቁ፤ ሆኖም ዳር ያለውን መደብ ለቀቁልኝ።

ዘሩ ትዕግሥት ይፈትናል። በፍሬው ውስጥ ያለውን የሚያሳክክ ጸጉር አጥቤ ብዘራውም ወራት አስጠበቀኝ። ከጠና ቅርንጫፍ የወሰድኩት ቁራጭ ግን ጥላ ውስጥ ቶሎ ያዘ። የመጀመሪያዋን ነጭ ሥር ሳይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ወይዘሮ አስቴር ቢሾፍቱ፣ ሐይቁ አፋፍ ላይ የእንግዳ ማረፊያ አላቸው። የተከሉትን አጥር ሁሉ ፍየል ጨርሶባቸው እኛ ዘንድ መጡ። ቀጋ ከያዘ ውሃ እንደማያስቸግር፣ በበጋም ፍሬው እንደሚቀላ ነገርኳቸው። ወሰዱት። ግን በሁለተኛው ዓመት ለጥምቀት እንግዶቼ ካልቀላ ነቅዬ የፈረንጅ ጽድ እተክላለሁ አሉ። አቶ ግርማም እንዲያ ከሆነ የቀጋው መደብ ለጽድ ይሆናል ብለው አከሉበት።

በሁለተኛው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አጥሩ ነጭ አበባ ለበሰ። አበባው ረግፎ አረንጓዴ ፍሬ እንደቋጠረ ላየው ሄድኩ። የማረፊያው አትክልተኛ ጋሽ ቶላ መቀሳቸውን ስለው ቀድመውኛል። በዓል ሲቃረብ አጥር ሁሉ እንደ ጠረጴዛ ካልተስተካከለ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። በበሩ በኩል ጀምረውታል፤ ያልበሰለው ፍሬ ከነቅርንጫፉ መሬት ላይ ተዘርግፏል።

«ጋሽ ቶላ፣ ይተዉት እባክዎ። የሚቆርጡት ፍሬውን ነው።»

«ልጄ፣ ጺሙን ሳይላጭ የሚዳር ሙሽራ አይተሻል?»

«ጌጡ ጺሙ ላይ ከሆነስ?»

ሳቁ፤ መቀሱን ግን አላወረዱም። ወይዘሮ አስቴር ተጠርተው መጡና ዳኙን። የበሩ ጎን ይስተካከል፣ የሐይቁ ጎን ይቆይ አሉ።

ከዚያ ወዲያ ከአዳማ እየደወልኩ «ቀላ ወይ?» በማለት ጋሽ ቶላን አሰለቸኋቸው። አንድ ቀን ብርቱካንማ ሆኗል አሉኝ፤ ያን ቀን ምሳ አልበላሁም፣ ደስታው አጠገበኝ። የከተራ ዕለት ጠዋት ራሳቸው ደወሉ። «ነይና እይው» ብለው ዘጉ።

ከአቶ ግርማ ጋር ሄድን። ቢሾፍቱ ከአውቶቡስ ወርደን የተሳፈርንበት ባጃጅ በቅጡ ሳይቆም ወረድኩ። የበሩ ጎን ልስልስ ያለ አረንጓዴ ግድግዳ ነው፤ አንድ ፍሬ የለበትም። የሐይቁ ጎን ግን ከላይ እስከ ታች በቀይ ፍሬ ተንዠርግጓል፣ ወፉ ይንጫጫበታል፣ እንግዶቹ ነጭ በነጭ ለብሰው ፎቶ ለመነሳት ይጋፉበታል።

ወይዘሮ አስቴር ጽድ የሚባል ነገር አላነሱም። ጋሽ ቶላ ሁለቱን ጎን አፈራርቀው አዩና፣ «እኔ የላጨሁት ሙሽራ አላማረበትም» አሉ።

ወደ አዳማ ስንመለስ ሞጆ ላይ አቶ ግርማ፣ «ሌላ ምን ያህል መደብ ይበቃሻል?» ብለው ጠየቁኝ።

ቀጋ የሚከረከመው ፍሬው ካለቀ በኋላ፣ ዝናብ ሳይገባ ነው።