ገርበብ ያለ መንጋጋ

ጉዲሳ አባቱ ጤፍ ያርሱበት በነበረው መሬት፣ ዛሬ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም በተሠራበት፣ አልዘጋ ያለ በር ሁሉ የሚጠራው አናጢ ነው። በሩ የት ላይ እንደሚነካ የሚነግረው ጠመኔ ነው፤ መቃኑን ይቀባል፣ በሩን ይዘጋል፣ ነጩ ያረፈበትን ይልጋል።

ጉርድ ሾላ ካለ ክሊኒክ አንድ መንጋጋ ጥርሱን ካስሞላ ወዲህ ግን፣ ይኸው ዓመት ከመንፈቅ፣ የገዛ አፉ አልገጥም አለው። ታክሲ ሲጠብቅ ጥርሱን ያጋጫል፣ ጋደም ሲል ያጋጫል። ግራው ቀድሞ የሚነካ፣ ቀኙ አየር ላይ የቀረ ይመስለዋል። ሰው ሲያናግረው ልቡ ጥርሱ ላይ ነው። ሚስቱ ኦብሴ "ያገባኸው እኔን ነው መንጋጋህን?" እያለች መቀለዷን እንኳ ትታዋለች፤ ደክሟታል።

ሦስት ሐኪሞች ሞረዱለት። አራተኛዋ፣ ዶክተር ሉዋም፣ ጥርስ የተነካካበት ላይ ቀለም የሚተው ሰማያዊ ወረቀት አስነክሳ አየችና ጥርሶቹ ደህና እንደሚገናኙ፣ ደግሞ ቢሞረድ ግን ነርቩ ተነክቶ መንጋጋው እንደሚነቀል ነገረችው።

"ጥርስ ካልበሉበት አይነካካም። በግድ የሚያነካኩት እርስዎ ነዎት። ይተዉት።"

አላመናትም። በግራ በኩል ሰማያዊው ደመቅ ብሎ አይቶታል። ከብረታ ብረት ሱቅ ቀጭን ሞረድ ገዝቶ ደረት ኪሱ ከተተ፤ እሑድ ኦብሴ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ራሱ ሊጨርሰው።

ቅዳሜ፣ በነሐሴ ዝናብ፣ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩት ወይዘሮ አለም አስጠሩት። በራቸው አብጦ መቃኑን ነክሷል፤ ላግልኝ አሉት። ጠመኔውን እየቀባ፣ እንደ ልማዱ፣ ለራሱ አንጎራጎረ፦

በሩማ እንጨት ነው፣ ፀሐይ ያደርቀዋል፤
የኔን መንጋጋ ግን ማን ያስታርቀዋል?

መላጊያውን አነሳና መልሶ አስቀመጠው።

"እትዬ፣ አሁን ከላግሁት ጥቅምት ላይ ደርቆ ሲጠብ ንፋስ ያስገባብዎታል። በሩ ጤነኛ ነው። ይተዉት።"

"እስከዚያስ? ስታገል ልክረም?"

"አይግፉት። ገርበብ አድርገው ይተዉት።"

ያለውን ራሱ ሰማው። መሣሪያውን ሰብስቦ ደረጃውን ሲወርድ ከንፈሩን ገጠመ፣ ጥርሱን ግን ገርበብ አደረገ። ሁለተኛ ፎቅ ሳይደርስ ጥርሶቹ ተነካኩ። አላቀቃቸው። ምድር ቤት ደግሞ ተነካኩ፤ ደግሞ አላቀቃቸው። በር ይዞ እንደቆመ ሰው ታከተው።

ቤቱ ሲገባ ሞረዱን ከኪሱ አውጥቶ ኦብሴ መዳፍ ላይ አኖረላት።

"ደብቂልኝ።"

ሞረዱን አየች፣ አፉን አየች፣ ይዛው ወደ ጓዳ ገባች። የት እንዳስቀመጠችው እስከ ዛሬ አልጠየቃትም።