ደብሪቱና የከበደ አዲስ መጋዝ

ደብሪቱ ስትቆጣ ድምጿ የደሴን መንገድ ተሻግሮ ይሰማል ይላሉ፤ ውሸታቸውን አይደለም። ሸዋ ሮቢት ላይ ተሳቢ መኪና ጥሩምባውን እየነፋ ሲያልፍ ሰው ሁሉ ወሬውን ገታ ያደርጋል። እሷ አታደርግም። መኪናው ያልፋል፣ እሷ ትቀጥላለች። የቀወት ገበሬ ልጅ ናት፤ ማማ ላይ ወጥታ ከማሽላ ወፍ ስታባርር ያደገች ሴት ድምጿን ዛሬ ከየት አምጥታ ትቀንሰው?

ባሏ ከበደ አናጺ ነው። እንጨት ቤታቸው መንገድ ዳር፣ ከደረጄ ወፍጮ ቤት ጎን ነው። እሱ ይቆርጣል፣ ይገጥማል፤ እሷ በብርጭቆ ወረቀት ትፍቃለች፣ ቫርኒሽ ትቀባለች፣ ካስፈለገም ከደንበኛ ጋር ትጣላለች፤ ከበደ ሰው ፊት ክፉ ቃል አይወጣውማ! ስትዳር እጇ ላይ እንሶስላ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ግን ጥፍሯ ሥር ቫርኒሽ ጠፍቶ አያውቅም፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ እንኳ። ከበደ ደግ ነው፣ እጁም ወርቅ ነው። ግን ሰው ከመከረው፣ መካሪው ማንም ይሁን ማን፣ እሺ ነው። ከሚስቱ በስተቀር! የእሷ ምክር ብቻ በአንድ ጆሮው ገብቶ በሌላው ይወጣል። ደብሪቱን የሚያሳርራትም ይኸው ነው።

የከበደ ግራ እጅ ሁለት ጣት ጎድሎታል። የበላበት አሮጌው መጋዝ ነው፤ ጥርሳም ዲስኩ ከጠረጴዛው ላይ ያለ ክዳን የሚሽከረከር፣ የተረገመ ማሽን። ሣንቃ እየሰነጠቀ ሳለ መብራት ሄደ። መብራት መሄዱ ሮቢት ላይ ምን ወሬ ይሆናል? ዲስኩ ቆመ። ከበደም ማብሪያውን ሳያጠፋ፣ ጥርሱ ሥር የተሰነቀረውን ስንጥር ሊያወጣ እጁን ሰደደ። መብራት መጣ። በቃ።

ከዚያ ወዲህ ደብሪቱ መብራት ሲመጣ እንደ ሰው ደስ ብሏት አያውቅም። ሰፈሩ "መጣ!" ብሎ ሲያጨበጭብ እሷ የያዘችውን ጥላ ወደ እንጨት ቤቱ ትሮጣለች። ወጥ እያማሰለችም ቢሆን ትሮጣለች። ጎረቤቶቿ ይስቁባታል። ይሳቁ! የሚስቅ ሰው ያንን አላየም።

የአሮጌው ሞተር ተቃጥሎ ማሽኑ ሲሞት እንደ ደብሪቱ የተደሰተ የለም። አዲሱ ከአዲስ አበባ በአይሱዙ ተጭኖ መጣ። ባልና ሚስቱ ዕቃውን ከካርቶኑ እያወጡ አብረው ገጠሙት፤ እሷ ብሎን ታቀብላለች፣ እሱ ያጠብቃል። በዲስኩ ላይ የሚደፋ ክዳን ነበረው። ከዲስኩ ኋላ የምትቆም፣ የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ ገጥሞ ዲስኩን እንዳይነክስ የምትከላከል ቀጭን ብረት ነበረችው። እንጨቱን በእጅ ፈንታ የሚገፉበት መግፊያም ነበረው። ዲስኩ ሁለት ነው፤ ባለ ትልልቅ ጥርሱ ለመሰንጠቂያ፣ ባለ ደቃቅ ጥርሱ ለመቁረጫ። ማብሪያው ደግሞ አረንጓዴና ቀይ ቁልፍ ነው፤ አረንጓዴውን ሲጫኑት ይነሳል፣ ቀዩን ሲጫኑት ይቆማል።

በዚያው ቀን መብራት ሄዶ መጣ። ደብሪቱ እንደ ልማዷ እየሮጠች ገባች። አምፖሉ በርቷል፣ ማሽኑ ግን ዝም! አረንጓዴው ቁልፍ እንደገና ካልተጫነ ንቅንቅ አይልም። ለካስ መብራት ሲሄድ ራሱን በራሱ ያጠፋል! ደብሪቱ እልልታዋን አቀለጠችው።

"ምነው፣ ሠርግ አለ እንዴ?" አለ ከበደ።

"አዎ፣ ሠርግ ነው! እንዲህ ያለ ልባም ማሽን ከየት ተገኘ!" አለችው።

ደስታዋ ግን አልከረመም። አንድ ረቡዕ ቫርኒሽ ገዝታ ስትመለስ ክዳኑ ወልቆ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ቀጭኗ ብረት ጥግ ተወርውራለች። አረንጓዴና ቀዩ ማብሪያ ተነቅሎ በምትኩ የአሮጌው መጋዝ ማብሪያ ተገጥሟል፣ ያ ወደ ላይ ሲያደርጉት የሚያበራ፣ ወደ ታች ሲያደርጉት የሚያጠፋው። ያው ራሱ! የባሏን ጣት ያስበላው! ባለወፍጮው ደረጄ ደግሞ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ቁልቁል አንጠልጥሎ ማሽኑ አጠገብ ቆሟል።

"ይሄ ምንድን ነው?" አለች ደብሪቱ። ድምጿ ገና ዝቅ ያለ ነበር።

"ምን መሰለሽ፣" አለ ከበደ አንገቱን እያሸ፣ "መብራቱ ብልጭ ድርግም ባለ ቁጥር ይቆማል። እየዞርኩ ቁልፍ ስጫን ልዋል? ክዳኑም ሰጋቱራ እየያዘ መስመሩን አላሳይ አለኝ። ደረጄ ነው የመከረኝ።"

"እትዬ ደብሪቱ፣ ያ ማብሪያ እኮ የማይጠፋ መብራት ላለው ለፈረንጅ አገር ነው፣" አለ ደረጄ። "እኔ ወፍጮዬን የማሠራው በዚህኛው ዓይነት ነው። ይልቅ የሚያስፈራው ማሽኑ ደም ሳያይ ሥራ መጀመራችሁ ነው። አዲስ ንብረት ደም ይፈልጋል። ዶሮውን ከቤቴ ነው ያመጣሁት፣ የጎረቤት ወግ ነው።"

የደብሪቱ ደም ፈላ።

"ደም? ለአሮጌው በግ አልታረደለትም? ጥብሱን ማን በላው፣ አንተ አይደለህም? በግ የጠገበ ማሽን የባሌን ጣት የበላው ምን ርቦት ነው? ደግሞ በረቡዕ ምድር ዶሮ ይታረዳል? በስመ አብ! ማሽኑን የሠራው ሰው ክዳን ሠርቶ ላከላችሁ፤ እናንተ ክዳኑን አውልቃችሁ ዶሮ ታርዱለታላችሁ!"

"እባብ ያየ በልጥ በረየ አሉ፣" አለ ደረጄ ወደ ከበደ እያየ ፈገግ ብሎ።

"ልጥ ነው? ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነከሰው አሉ፣ አንዴ ሳያይ፣ አንዴ ሲያሳይ! የአሁኑ ሁለተኛው ነው!"

ዶሮውን ከእጁ መንጭቃ ወደ ውጭ ለቀቀችው። ዶሮው እየተንጫጫ በባጃጅ መሀል ሲሮጥ በር ላይ የተሰበሰበው ሰው ሳቀ። የከበደ ፊት ጠቆረ። ያ ክፉ ቃል የማይወጣው ሰው፣ በሰው ፊት፣ "አንቺ ሴትዮ!" አለ። "ማሽኑ የኔ ነው፣ ሥራውም የኔ ነው። ሂጂ ቫርኒሽሽን ቀቢ!"

ደብሪቱ ዝም አለች። የዚያን ዓይነት ዝምታ ሮቢት ከእሷ አይቶ አያውቅም። ምሳ አቀረበች፣ አልተናገረችም። አልጋ አነጠፈች፣ አልተናገረችም። ውስጧ ግን እንደ ከሰል ይነድ ነበር። እኔ ቫርኒሽ ቀቢ! ስንት ዓመት ሙሉ ሣንቃ የተሸከምኩት፣ ሙግቱን የተሟገትኩት፣ ቁስሉን ያጠብኩት እኔ ዛሬ ቫርኒሽ ቀቢ! ከንዴቷ ሥር ደግሞ ፍርሃት ነበር፤ በዚህ ሁሉ መሀል ለእጁ መፍራቷ የባሰ አናደዳት።

አርብ ከሰዓት፣ የሮቢት ሙቀት ቆርቆሮውን ሲያንጣጣ፣ ከበደ አንድ የማጀቴ ሰው ላዘዘው በር ሣንቃ ይሰነጥቅ ነበር። መብራት ሄደ። "ደግ፣ እስኪመጣ ዲስኩን ልቀይር፣" አለ ለራሱ፤ ሚስቱ እንደሆነች አታናግረውም። መፍቻውን አነሳ። ዲስኩ አብሮ እንዳይዞር በግራ እጁ ጨርቅ ደርቦ ጥርሱን ያዘ፣ በቀኙ ዳዶውን ይፈታ ጀመር።

ደብሪቱ የተገጠመ በር ስትቀባ ቀና አለች። ማብሪያው ወደ ላይ ነው። አልጠፋም።

ትንገረው? ነግራዋለች! ጮኻ ነግራዋለች፣ ሰው ሰምቷል፣ ሰው ስቋል። ብሩሹን እንደያዘች ተነሳች፣ ወደ ግድግዳው ሄደች፣ ወፍራሙን ስፒና ከሶኬቱ ነቀለችው። ከበደ ዞር ብሎም አላያት። እሷም ስፒናውን ጨብጣ እዚያው ቆመች። ልታበሽቀው አልነበረም፤ እጁ ከዚያ ዲስክ ላይ እስኪነሳ ድረስ እግሯ አልንቀሳቀስ ስላላት ነው።

መብራት መጣ። ከከበደ ራስ በላይ አምፖሉ ቦግ አለ። ደረጄ ሳያጠፋው የሄደው ወፍጮ በባዶው አጓራ። ከማዶ ሆቴል ሙዚቃው ካቆመበት ቀጠለ። "መጣ!" አለ ሰፈሩ።

የከበደ ሁለቱም እጆች ዲስኩ ላይ ነበሩ።

አልተነቃነቀም። መጀመሪያ ማብሪያውን አየው። ከዚያ ገመዱን በዓይኑ እየተከተለ ሄደ፤ ሚስቱ እጅ ላይ ደረሰ። መፍቻው ወደቀ። ሰጋቱራው ላይ ዘፍ ብሎ ቁጭ አለ።

"ያን ቀን፣" አለች ደብሪቱ። አልጮኸችም። "ያን ቀን ባጃጅ ላይ ጭነው ሐኪም ቤት ሲወስዱህ አብረሽኝ አልመጣሽም ብለህ እስከ ዛሬ ቂም ይዘህብኛል። የት እንደነበርኩ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ? እዚህ ነበርኩ። አሁን አንተ የተቀመጥክበት ተንበርክኬ፣ ሰጋቱራ እየዛቅኩ ጣቶችህን እፈልግ ነበር።"

ከበደ ከሥሩ ያለውን ሰጋቱራ አየ።

"አገኘኋቸው። በነጠላዬ ጠቅልዬ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ቀበርኳቸው። ጉድጓዱን በእጄ ነው የቆፈርኩት። እድር አልተጠራ፣ ድንኳን አልተተከለ፣ እግዜር ያጥናሽ ያለኝ ሰው የለ። ብቻዬን አልቅሼ፣ ፊቴን ታጥቤ ወደ አንተ መጣሁ። አንተም ዓይንህን ገልጠህ 'የት ጠፍተሽ ነው?' አልከኝ። ልንገርህ ብል፣ ይሄ እንደ ልቡ የሚጮኽ አፌ አልታዘዘኝም።"

ደረጄ ዱቄት እንደለበሰ በር ላይ ብቅ አለ። ፊቷን ሲያይ ተመለሰ።

"ከእንግዲህ ቁርጥራጭ አልቀብርም፣ ከበደ! ልቀብርህ ከሆነ ሙሉህን ነው የምቀብርህ! ሰማኸኝ?"

"ሰማሁሽ።"

"አልሰማህም! አንድ ቀን ሰምተኸኝ አታውቅም! ተነስና ያንን ማብሪያ ንቀልልኝ!"

ከበደ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ። ካቻቢቴውን ከብሎኑ ራስ ላይ ሊያሳርፍ ሞከረ፣ አንሸራተተው። ደግሞ ሞከረ። ማብሪያውን በቀሩት የግራ ጣቶቹ ደግፎ ያዘ። ደብሪቱ ስፒናውን በሁለት እጇ ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ እንባዋ እየወረደ፣ ቆማ አየችው። አላገዘችውም።