አክስቴ የምታወራልኝ የዘፈን ደራሲ

ልጅ ሆኜ የሰማሁት ተረት ሁሉ ስለ አንድ ሰው ነበር፤ ስለ አንድ ፈረንሳዊ የዘፈን ደራሲ። የምታወራልኝ አክስቴ ነበረች፤ እቴቴ ነበር የምላት። በደርግ ጊዜ፣ ገና ነፍስ ሳላውቅ፣ ከአዲስ አበባ ይዛኝ ወጥታ፣ ጄኔቫ ውስጥ ፕላንፓሌ በሚባል ሰፈር በአንዲት ጠባብ ክፍል ሁለታችን ብቻ እንኖር ነበር። በራችንን የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም።

እቴቴ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ስትተኩስ ውላ ትመጣና፣ ራት ከበላን በኋላ የራስጌውን መብራት ታበራለች። ከዚያ ከአሮጌ ዕቃ ገበያ የገዛችውን የዘፈን ሸክላ ማጫወቻው ላይ ታስቀምጥና፣ የሽፋኑን ጀርባ እያየች ትጀምራለች። ደራሲው የድሃ ልጅ ነበር፤ በየካፌው ፒያኖ እየተጫወተ አደገ። የመጀመሪያ ዘፈኑ በሸክላ ሲወጣ የዘፋኟ ስም በትልቁ፣ የእሱ ግን ጉንዳን በምታህል ፊደል ተጻፈ። ያም ሆኖ አገሩ ሁሉ ዜማውን ያንጎራጉር ነበር። አንድ ማለዳ ግን ወታደሮች መጥተው ወሰዱት፤ ሚስቱም በየቀኑ እስር ቤት ስንቅ ታመላልስለት ጀመር። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ታቆማለች።

«ከዚያስ?» ስላት፣

«ነገ» ትለኛለች። ነገም ከመጀመሪያው ትጀምራለች።

ያኔ ትምህርት ቤት ገብቼ ፈረንሳይኛ ማንበብ የጀመርኩበት ዓመት ነበር። አንድ ምሽት ሽፋኑን ከእጇ ወስጄ፣ እየተንተባተብኩ እስከ መጨረሻው አነበብኩት።

«እቴቴ፣ እስር ቤት የሚል የለም እኮ! ሸምግሎ፣ ቤቱ ነው የሞተው።»

ሸክላውን አቆመችው።

«እሱስ ሸምግሎ ሞተ» አለች። «የእኔው ግን ገና ጎልማሳ ነበር። አንድ ቀን ስንቁን ይዤ ብሄድ ዘበኛው፣ ‹ከእንግዲህ አታምጪ› አለኝ።»

ባል እንደነበራት እንኳ አላውቅም ነበር።

«ሌላ ሰው ያመጣለት ጀመር?» አልኳት።

«አዎ፣ ልጄ» አለችኝ።

ከዚያ ምሽት በኋላ ስለ ደራሲው አውርታልኝ አታውቅም። የዘበኛውን ቃል ትርጉም የተረዳሁት አድጌ፣ ቪንተርቱር ከተማ ሆስፒታል ውስጥ ሥራ ከያዝኩ በኋላ ነው፤ ያኔ እቴቴ በሕይወት አልነበረችም። ተረቱን ለእኔ ትንገረው ለራሷ፣ ዛሬም አላውቅም። እኔ የፈለግሁት ማንበብ መቻሌን እንድታይልኝ ብቻ ነበር። አይታልኛለች፤ ያን ምሽት መብራቱን አጥፍታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ፣ «ጎበዝ፤ ደህና አድርገሽ አነበብሽ» ብላኛለች።