ጋሽ ደጀኔ የተሸከሙት ሬዲዮ

ጋሽ ደጀኔን ለምታውቁ ሁሉ፤

ጋሽ ደጀኔ አርፈዋል። ከቀበና ወንዝ ከፍ ብሎ ባለው ጋራዣቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ የሰው መኪና ሲያስነሱ ኖረው፣ ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት፣ ባለቤታቸው ወይዘሮ አልማዝ እጃቸውን እንደያዙ ከዚህ ዓለም ተለዩ። ረቡዕ ቀበርናቸው። ቀብሩ ላይ ያልደረሳችሁ ትኖራላችሁ፤ ደርሳችሁም በሕዝቡ ብዛት ያላየኋችሁ አላችሁ። ይህን የምጽፈው ለሁላችሁም ነው። ንገሪ ብሎ ያዘዘኝ ሰውም አለ፤ ስለ እሱ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ስሜ ሰናይት ነው። የመኪና ኤሌክትሪክ ሥራ የተማርኩት ከእሳቸው ነው። ከቴክኒክ ኮሌጅ ወጥቼ ሥራ ስፈልግ ያልረገጥኩት ጋራዥ የለም። አንዱ «ለጽሕፈት ሥራ ከሆነ እናስብበት» ይለኛል፤ ሌላው ጫማዬን አይቶ ይስቃል። ጋሽ ደጀኔ ጫማዬን አላዩም። አንዲት ሚኒባስ አጠገብ አቆሙኝና ቁልፉን አዙረው «ምን ሰማሽ?» አሉኝ። «ሞተሪኖው ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሳም» አልኳቸው። «ነገ ቱታ ይዘሽ ነይ» አሉኝ። የቅጥር ፈተናዬ ይኸው ነበር።

አሠራራቸውን የምታውቁ ታውቃላችሁ። አልነሳ ያለች መኪና ስትመጣላቸው ኮፈን አይከፍቱም። መጨረሻ የነዳትን ሰው በርጩማ ላይ ያስቀምጡና እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው «የመጨረሻ ጉዞዋን ንገሩኝ» ይላሉ። ከየት ተነሳች፣ አቀበት ወጣች ወይ፣ ውሃ አቋረጠች ወይ፣ የት ቆመች፣ ስትቆም ምን ድምፅ አሰማች። የቸኮለ ደንበኛ ይበሳጫል። አንዱማ «ሐኪም ቤት መጣሁ እንዴ?» ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን አይቸኩሉም። «መጀመሪያ ጆሮ፣ ከዚያ እጅ» ይሉን ነበር። ታሪኩ ሳያልቅ መፍቻ ያነሳ ሠራተኛ የዚያን ቀን ሥራው ግቢ መጥረግ ነው። እኔም ጠርጌያለሁ።

ደግነታቸውን ልዘርዝር ብል ወረቀት አይበቃኝም። ሾላ ገበያ እህል የሚያመላልስ ሰው አሮጌ ፒካፑ መንገድ ላይ ቆማበት፣ ጋሽ ደጀኔ ምሳቸውን ጥለው ሄደው፣ ጆንያ ላይ ተንበርክከው ሲሠሩ አይቻለሁ። ሰውየው ሊያመሰግናቸው ሲል «እህሉን ዝናብ እንዳይመታው ቶሎ ሂድ» ብለው አባረሩት። ምስጋና ሲሰሙ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ዛሬ ልናገረው የተነሣሁት ግን የአቶ ይልማን መኪና ነገር ነው። ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። የሰማችሁት ግን ልክ አይደለም።

አቶ ይልማ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው፤ ቤታቸው እዚያው ቀበና ነው። ጣሪያዋ የሚታጠፍ፣ ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ፣ አረንጓዴ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና አለቻቸው። ሬዲዮዋን የገዙላት ባለቤታቸው ወይዘሮ አስቴር ነበሩ። ሁለቱ በየሳምንቱ እንጦጦ ወጥተው፣ አናቱ ላይ ቆመው ሬዲዮ ሰምተው ይመለሱ ነበር። ወይዘሮ አስቴር ካረፉ በኋላ አቶ ይልማ በየዓመቱ በሙት ዓመታቸው ቀን ብቻቸውን ይወጡ ነበር። ሬዲዮውን ይከፍቱና ትንሽ ተቀምጠው ይወርዱ ነበር።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ያ ቀን ሲቃረብ መኪናዋ አልነሳ አለች። ወራት ቆማ ባትሪዋ ሞቷል። ስበው ጋራዥ አመጧት። ጋሽ ደጀኔ እንደ ልማዳቸው አቶ ይልማን በርጩማ ላይ አስቀምጠው መጠየቅ ጀመሩ፤ እኔን አዲስ ባትሪ አምጪ አሉኝ። አምጪ እንጂ እሰሪ አላሉኝም።

አመጣሁ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ገና ጨዋታ ላይ ናቸው። ባትሪ ማሰር ደግሞ ምን አላት? ኔጋቲቩን ከቦዲው ጋር አሰርኩ፤ እስከዚያ ቀን ያየሁት መኪና ሁሉ እንደዚያ ነበር። ቁልፉን ስከፍት ከሬዲዮው ውስጥ ጭስ ወጣ። ቀጭን ነበር፤ ሽታው ግን እስከ በሩ ደረሰ።

በዚያ ዘመን ከተሠሩት የእንግሊዝ መኪኖች ብዙዎቹ ከቦዲው ጋር የሚታሰረው ፖዘቲቫቸው ነው። ባትሪው በተቃራኒው ቢታሰር ሌላው ዕቃ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ያ ሬዲዮ ግን አይችልም። አቶ ይልማ በዚያች ደቂቃ ለጋሽ ደጀኔ ይነግሩ የነበረውም ይህንኑ ነበር፤ «የዚች ባትሪ የሚታሰረው ተገልብጦ ነው» እያሉ ነበር። እጄ ከጆሮዬ ቀደመ።

ጋሽ ደጀኔ ሮጠው መጥተው ገመዱን ነቀሉ። ሬዲዮውን አዩ፤ እኔን አዩኝ። አቶ ይልማ በርጩማውን ገፍተው ሲመጡ «ምንድን ነው የሚጨሰው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ደጀኔ። «ባትሪውን እንደ ሌሎቹ መኪኖች እሰሪ አልኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው።»

አቶ ይልማ ሬዲዮውን በመዳፋቸው ነኩት፤ ግሎ ነበር። ጋሽ ደጀኔ ባትሪውን በትክክል አሰሩና ቁልፉን ከፍተው አዳመጡ። ሊሰማ የሚገባው የነዳጅ ፓምፑ ትክትክታ የለም። በካቻቢቴው የእንጨት እጀታ ፓምፑን ሁለቴ ቀስ አድርገው መቱት፤ ትክትክ ማለት ጀመረ፤ ሞተሩም ተነሣ። ሌላ ቀን ቢሆን ሁላችን እናጨበጭብ ነበር። አቶ ይልማ ነድተው ወጡ።

ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ «ለአቶ ይልማ እነግራቸዋለሁ» ብዬ አለቀስኩ። ጋሽ ደጀኔ እጃቸውን በቤንዚን እየታጠቡ ነበር። «ያንቺ ስህተት ያንቺ ብቻ አትሆንም» አሉኝ። «ሴት ስለሆነች ነው ይሉና ከአንቺ በኋላ የምትመጣዋንም ይመልሷታል። የእኔ ስም አንድ ሬዲዮ ይችላል። ያንቺ ገና ነው።»

ስማቸው ቻለ፤ ግን ጎበጠ። አቶ ይልማ በዕድሩ፣ በጎረቤቱ፣ ባገኙት ሰው ሁሉ ዘንድ «ደጀኔ እጁ ከድቶታል» አሉ። አሮጌ መኪና ያላቸው ደንበኞች አንድ በአንድ ወደ መገናኛ ጋራዦች ሄዱ። እሳቸው ስለዚህ ነገር አንዲት ቃል ሲናገሩ አልሰማሁም። እኔ በረታሁ፤ ኋላም ጋራዡን ተረከብኩ። ያን ጊዜ አንዳንዶቻችሁ «ከደጀኔ እንኳ አንቺ ትሻያለሽ» ብላችሁኛል። እሳቸው በርጩማው ላይ ተቀምጠው እየሰሙ ነበር። እኔ ዝም አልኩ። ከሬዲዮው ይልቅ ያ ዝምታዬ ያሳፍረኛል።

ከቀብሩ በሦስተኛው ቀን አቶ ይልማ ከዘራቸውን ይዘው ጋሽ ደጀኔ ግቢ ወደ ተተከለው የለቅሶ ድንኳን መጡ። አጠገባቸው ለተቀመጠው ሰው «ደግ ሰው ነበር። ያቺን ሬዲዮ ባያቃጥላት ኖሮ አልለየውም ነበር» ሲሉ ሰማኋቸው። ሊወጡ ሲሉ እስከ በሩ ተከተልኳቸው።

«አቶ ይልማ፣ ሬዲዮውን ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። እሳቸው ባትሪውን አልነኩትም፤ እሰሪም አላሉኝም።»

ቆሙ። «ዘጠኝ ዓመት?» አሉኝ።

«አዎ።»

በሩ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። «በዚህ በር ሳልፍ ፊቴን አዙሬበታለሁ» አሉ። «እጁን ለሰላምታ ዘርግቶ ትቼው ሄጃለሁ።» ከዘራቸውን ተደግፈው ቀና አሉ። «እኔ ለሰው ሁሉ ነው የነገርኩት። ለእኔ ብቻ ብትነግሪኝ አይበቃም። ለሰው ሁሉ ንገሪ።»

ትእዛዙ ይህ ነው። እነሆ ነገርኳችሁ። ጋሽ ደጀኔ እጃቸው አልከዳቸውም።

ጋሼ፣ ትናንት አቶ ይልማ ቤት ሄጄ ነበር። መኪናዋ ጎማዋ ተንፍሶ ሸራ ለብሳ ቆማለች። ሸራውን አላነሣሁም። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ «የመጨረሻ ጉዞዋን ይንገሩኝ» አልኳቸው። ከእርስዎ ጋራዥ እስከዚህ ግቢ ነው አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እንጦጦ ወጥተው አያውቁም። ሰምቼ እስክጨርስ ምንም አልነካሁም። ብዙ ሥራ ይጠብቀኛል፤ ግን አስነሳታለሁ፤ አናቱ ድረስም አደርሳቸዋለሁ።

እርስዎ በሕይወት ሳሉ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር። የእጅዎን ሰላምታ ያኔ ይመልሱልዎት ነበር፤ ይህን ያሳጣሁዎት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ። አሁን ይረፉ፣ ጋሼ። ሬዲዮውን ከስምዎ ላይ አውርጄዋለሁ። ለእኔ ይስጡኝ፤ ስሜ ይችለዋል።