ሉርሊን ያልሰረዘችው ገጽ

በብራነር ስለ ሞተ ሰው ወይም ስለ ፈረሰ ቤት መጠየቅ የፈለገ ሁሉ የሚሄደው ሉርሊን ሳተርፊልድ ዘንድ ነበር። ብራነር የጥጥ ፋብሪካዋ ከተዘጋ ወዲህ ወጣቱ ጥሏት የሄደባት፣ በአሜሪካ በደቡብ ካሮላይና ያለች ትንሽ ከተማ ናት። ሉርሊን ግን የትም አልሄደችም። ከሃያ ዓመት በላይ የተማሪ አውቶቡስ ስትነዳ የከተማዋን ልጅ ሁሉ ከነአያት ቅድመ አያቱ ለይታ አወቀች። ባሏ ኦዴል ሲሞትባት ደግሞ መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ የዘመዶቿን ታሪክ፣ ቀጥሎ የመቃብሩን ስፍራ፣ ከዚያ የቤተ ክርስቲያኑን ሴቶች የምግብ አሠራር ከነባለሙያዎቹ ወሬ ጻፈች። የሙዝ ፑዲንግ የሚባለውን ጣፋጭ አሠራር ማን ከማን እንደወሰደ ሳይቀር አስፍራው ስለነበር ሁለት ሴቶች በዚያ ሰበብ ክረምቱን ሙሉ ተኳርፈው ከርመዋል።

ስለዚህ የብራነር ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን መቶኛ ዓመት ሲቃረብ፣ የታሪክ መጽሐፉን ማን ይጻፍ ብሎ የተከራከረ አልነበረም።

ሥራው ሁለት ዓመት ፈጀባት። ሰው በወንዙ ውስጥ ይጠመቅ የነበረበትን ዘመን ጻፈች፤ በጎርፉ ዓመት ወንዶቹ ፒያኖውን በበቅሎ ጋሪ እንዴት እንዳሸሹት ጻፈች፤ በየመስከረሙ የራቀው ሁሉ ሲመለስ በግቢው ዛፍ ሥር በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ስለሚደረደረው የተጠበሰ ዶሮና ስለ እያንዳንዷ ሴት እጅ ጻፈች። የአድማውንም ዓመት ጻፈች። ጠቡ የመጣው ከዚህ ነው።

በነሉርሊን አያቶች ዘመን የፋብሪካው ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር። ባለቤቱም ያደሙትን ከፋብሪካው ቤቶች አስወጣና በወንዙ ዳር ድንኳን ተክለው እንዲኖሩ ሆነ። የሎኒ ፋውለርና የሚስቱ የኦልና ሕፃን ልጅ ሩቢ በድንኳኑ ውስጥ በትኩሳት ሞተች። ወላጆቿ ከአድመኞቹ ጋር አስከሬኗን ይዘው ጸሎት ሊያስደርጉላት ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መጡ። ነገር ግን የቤተ ክርስቲያኑ ጡብ የባለፋብሪካው ስጦታ ነበር፤ የፓስተሩም ደሞዝ ከእሱ ኪስ ነበር የሚወጣው። የዲያቆናቱ አለቃ በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ሰዎቹ በተዘጋው በር ፊት ቆመው ዘመሩና ልጅቷን ወስደው ወንዙ ዳር ቀበሯት። በሩን የቆለፈው ሰው ኤሞስ ሪድሊ ነው፤ የሉርሊን አያት።

ይህን ለማወቅ መዝገብ መፈተሽ አላስፈለጋትም። አባቷ ያን ቀን ልጅ ሆኖ በውስጥ በኩል ከአባቱ አጠገብ ቆሞ ነበር። መዝሙሩን በበሩ እንጨት በኩል ሰምቷል። በረንዳ ላይ ባቄላ እየፈለፈለ ለሴት ልጆቹ ደጋግሞ ይነግራቸው ነበር። ሲያድግ እሱንም ዲያቆን ሁን ቢሉት፣ «እኔ ቁልፍ አልይዝም» ብሎ እምቢ አለ። በብራነር ያረጀ ሰው ሁሉ ነገሩን ያውቀዋል፤ ከበረንዳ አልፎ አደባባይ ያወጣው ግን አልነበረም።

የበዓሉ ኮሚቴ ሰብሳቢ ሮይስ ጋምብሬል ኢንሹራንስ የሚሸጥ፣ ከሉርሊን ጋር ከሕፃንነቱ ጀምሮ በአንድ የሰንበት ትምህርት አግዳሚ ላይ ያደገ ሰው ነው። የመጽሐፉን ረቂቅ ካነበበ በኋላ ኮሚቴው ፊት ጠራትና ሥራዋን አመሰገነ፤ የጎርፉን ታሪክ ሲያነብ እንባው እንደመጣ ነገራት። ከዚያ ያቺን የአድማውን አንድ ገጽ እንድትሰርዝ ጠየቃት። በዓል ነው፣ እንግዳ ይመጣል፣ ሁሉም ሞተዋል፣ ምን ያደርጋል አላት። ወጣቱ ፓስተር ፕሩዊትም አጠገቡ ነበር። እሱ ነገር ማለሳለስ ይወዳል።

«እትዬ ሉርሊን፣ ገጹ ይቅር አላልኩም» አላት ፓስተሩ። «‹ዘመኑ ለቤተ ክርስቲያናችን ከባድ ነበር› ብንለውስ? ያው እኮ ነው።»

«ያው አይደለም ፓስተር። በሩን የቆለፈው ዘመኑ አይደለም፤ አያቴ ነው» አለችው።

ሮይስ ድምፅ እንስጥ አለ። እጅ ወጣ፤ ገጹ እንዲሰረዝ ተወሰነ። ሉርሊን ማንንም አልተሳደበችም። የጻፈችውን ሁሉ ሰበሰበችና ብብቷ ሥር አደረገች፤ ወይ ሙሉውን ትወስዳላችሁ፣ ወይ ምንም አትወስዱም ብላ ወጣች።

ምሽቱን ታላቅ እህቷ ቨርና ደወለች። ወሬው በስንት አፍ ተላልፎ እንደደረሳት እግዜር ይወቅ። በሰው ሁሉ ፊት ጉድ አደረግሽን፣ የገዛ አያትሽን አጥንት ለውሻ ጣልሽ፣ አባታችን ቢሰማ ምን ይላል አለቻት።

«አባባማ እሱ ነው የነገረን» አለች ሉርሊን። «ደግሞ የራሳችን አያት ስለሆነ ነው የጻፍኩት። የሌላ ሰው አያት ቢሆንማ ሐሜት ይሆንብኝ ነበር።»

ቨርና ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ዓመት ሙሉ አልተነጋገሩም። ሉርሊንን በዚህ ሁሉ ነገር ያስለቀሳት ይሄ ብቻ ነው፤ እሱንም ያየባት የለም።

ኮሚቴው የፎቶግራፍ ብቻ የሆነች ስስ መጽሐፍ አሳተመ። ሉርሊንም የራሷን አሳተመች። የበዓሉ እሑድ ሲደርስ ሮይስ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ ምንም ነገር መሸጥ ክልክል ነው አለ። ግቢው ውስጥ ነው እንጂ መንገዱን አላለም። ሉርሊን ታጣፊ ጠረጴዛዋን ከበሩ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ማዶ ዘረጋች፤ ዓሣ ስታጠምድ የምትቀመጥበትን ትልቅ ጥላ ተከለችና ባርኔጣዋን አድርጋ ተቀመጠች።

መጀመሪያ ሰው ሁሉ እንደማያያት አንገቱን እያዞረ አለፈ። ሙቀቱ አስፋልቱን ያቀልጣል። አንዳንዱ ስሟን ጠርቶ ሰላም ሊላት ይልና ሮይስ በሩ ላይ መቆሙን ሲያይ እርምጃውን ያፈጥናል። እሷ ግን እያንዳንዱን ከነስሙ ጮክ ብላ ሰላም አለች፤ የልጆቹን ደህንነት ጠየቀች፤ ማንም እንዳላየኋት ብሎ እንዳይሄድ አደረገች። ከምሳ በኋላ አንድ ሽማግሌ ከዘራቸውን እየተደገፉ መንገዱን ተሻገሩና አንድ ገዙ። ከዚያ አንድ ሌላ መጣ። ከመዘምራኑ አንዷ በልብሰ መዘምራኗ ሥር ደብቃ እንደ ድብቅ ውስኪ ይዛው ገባች። ሲመሽ ጠረጴዛው ላይ ጥቂት ብቻ ቀረ።

በሚቀጥለው እሑድ ሉርሊን እንደ ልማዷ ከፊት በሁለተኛው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። የሮይስ ሚስት ቦርሳዋን አንስታ ወደ ኋላ ሄደች። ሉርሊን በሰፊው ተደላድላ ከማንም በላይ ጮክ ብላ ዘመረች፤ ድምፅዋ ጥሩ እንዳልሆነ ራሷም ታውቃለች። ሰዉ ሲወጣ ፓስተሩ በር ላይ ይዟት፣ ምናልባት ሌላ ቤተ ክርስቲያን ብትሞክር የበለጠ ሰላም እንደምታገኝ በለሆሳስ ሐሳብ አቀረበ።

«ልጄ» አለችው፣ «እኔ እዚህ የተጠመቅኩት አንተ ሳትወለድ ነው። አንድ ጊዜ ሰው በር ላይ መልሰን አይተነዋል። ሁለተኛ አይለመደንም።»

በክረምቱ ዴሊያ የምትባል ሴት ከጋስቶኒያ ከተማ መኪናዋን እየነዳች መጣች። የሟቿ ሕፃን ታናሽ ወንድም ልጅ ናት። መጽሐፉ እንዴት እጇ እንደገባ አልተናገረችም። አባቷ ስለ ብራነር አንድም ቃል ተናግሮ እንደማያውቅ ግን ነገረቻት፤ አክስቷ የተቀበረችበትን ማየት ፈለገች። ሁለቱ ሴቶች ወደ ወንዙ ወረዱ። ዳርቻውን ጎርፍ ደጋግሞ በልቶታል፤ ቦታው ይህ ነው ብሎ የሚያሳይ ሰው በሕይወት የለም። ሉርሊን አላውቀውም አለቻት እንጂ የምታውቅ አላስመሰለችም። ዴሊያ ጭቃው ላይ ጥቂት ቆመች፤ ከዚያ ሉርሊን ቤት ገብተው ትኩስ የበቆሎ ዳቦ በቅቤ በሉ።

ከዚያ ወዲህ ሉርሊን በቤተ ክርስቲያኑ የአባላት ስብሰባ ሁሉ አንድ ጥያቄ ታቀርባለች፤ የሩቢ ፋውለር ስም የተጻፈበት ድንጋይ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ በሩ አጠገብ ይቁም ትላለች። እስካሁን በቀረበ ቁጥር ወድቋል። መጀመሪያ የደገፋት አልነበረም። በኋላ ያቺ መጽሐፉን ደብቃ የገባችው ዘማሪ እጇን አወጣች። ባለፈው ስብሰባ ደግሞ ቨርና፣ እህቷን ቀና ብላ ሳታይ፣ የያዘችውን መሀረብ እየጨመቀች እጇን አወጣች።

አሁንም ስብሰባውን የሚመራው ሮይስ አጀንዳውን ጨርሶ መነጽሩን ሲያወልቅ፣ ሌላ ጉዳይ ያለው ሰው እንዳለ በደከመ ድምፅ ይጠይቃል። ሉርሊን ከመቀመጫዋ ተነስታለች።