የማያጨበጭቡት ሰው

እሑድ እሑድ በቀበሌው ስብሰባ አንድ አዛውንት የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ጫፍ ላይ ይቀመጣሉ። ካኪ ኮታቸውን የናዝሬት አቧራ ቀለሙን አሳጥቶታል፤ እጃቸውን ወንጂ ላይ ስንት ዘመን የቆረጡት ሸንኮራ ተልትሎታል። ጓድ ሊቀመንበሩ ኮከብ ነዋሪ ብለው አንዱን ሲጠሩ አዳራሹ በጭብጨባ ይናጋል። ሰውየው ምን እንደሠራ የሚናገር የለም። እኔም፣ ጸሐፊው፣ ቃለ ጉባኤው ላይ "በሞቀ ጭብጨባ ተመሰገኑ" እላለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ያችው ናት፣ እጄም ሰልችቷታል።

እሳቸው አያጨበጭቡም። ስብሰባው ሲበተን ግን በር ላይ ቆመው የተመሰገነውን ሰው ይጠብቃሉ። ባለፈው እሑድ የወይዘሮ ሸዋወርቅን እጅ ይዘው፣ "ቦዩን የጠረጉት እርስዎ ነዎት አሉ። ማክሰኞ ያ ሁሉ ዝናብ ሲወርድ ቤቴ ጠብታ አልገባም። እግዜር ይስጥልኝ" አሏቸው። የወይዘሮዋ ዓይን እንባ አቀረረ።

"አባባ፣ እርስዎስ ለምን አያጨበጭቡም? ያዩብዎታል እኮ" አልኳቸው።

የኮታቸውን ቁልፍ ቆለፉ።

"ልጄ የዘመተ ጊዜ ለእኔም ተጨብጭቧል፤ ቆማችሁ ነው ያጨበጨባችሁት። ስሙን የጠየቀኝ ግን አልነበረም።"

ቢሮ ገብቼ የዚያን ጊዜውን መዝገብ ገለጥኩ። "አንድ የዘማች አባት በሞቀ ጭብጨባ ተመሰገኑ" ይላል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።