ቀጮ ሲሮጥ ያየው አልነበረም

ልጅ ሳለሁ እስቴ ውስጥ ውሻን በገመድ ይዞ ማንሸራሸር ሰውን ያስቅ ነበር። ውሻ ቀን ይታሰራል፣ ሲመሽ ይፈታል፤ በቃ። አባቴ ግን ጠዋትና ማታ አንድ ቀጭን ውሻ እየሳበ፣ እኔን አስከትሎ በመካነ ኢየሱስ ከተማ ዳርቻ ይዞር ነበር።

ውሻውን ጥለውት የሄዱት መንገድ ሲሠሩ የቆዩ ሰዎች ናቸው። ካምፓቸውን ነቅለው ከሄዱ በኋላ አባቴ ባዶው አጥር ሥር ተኝቶ አገኘው። ረጅም ቅልጥም፣ ጥልቅ ደረት፣ ከጀርባው የተጣበቀ ሆድ ነበረው። እናቴ የገብስ ቂጣና አጓት እያበላች አዳነችው። ዳነ እንጂ አልወፈረም፤ ስሙም «ቀጮ» ሆኖ ቀረ።

ጎረቤታችን አያ ሞላ ባገኘን ቁጥር አይምረንም።

«ደሴ፣ የት ልታሳርሰው ነው?»

«አብሮት የሚጠመድ አጥቼለት ነው፤ ካገኘህ ንገረኝ» ይለዋል አባቴ፣ ሳይስቅ።

የቀጮ አንገት ከጭንቅላቱ ይወፍራል። ተራ ገመድ ከሆነ ወደ ኋላ ሲስብ ሹልክ ብሎ ይወጣለታል። ስለዚህ አባቴ ከአሮጌ ጠፍር ሰፊ የአንገት ማሰሪያ ሠራለት። «ገመዱን እጅሽ ላይ አትጠምጥሚ፤ ከተነሳ ክንድሽን ይዞት ነው የሚሄደው» እያለ አያያዙን አስተማረኝ።

ያለ ገመድ የሚለቀው አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ከቤታችን በላይ፣ ዙሪያውን በድንጋይ ካብ የታጠረው ጾሙን ያደረ ማሳችን ውስጥ። አባቴ መግቢያውን በእሾህ ይዘጋና ገመዱን ከጠፍሩ ላይ ይፈታል። ቀጮ ጭራውን እግሮቹ መሀል ቀብሮ፣ ምላሱን ጥሎ፣ ድምፅ ሳያሰማ ካቡን ተከትሎ ይዞራል። የረገጠው ጦስኝ ይሸተን ነበር። ሲሮጥ ስሙን ብትጠራው አይሰማም፤ ሲበቃው ራሱ መጥቶ አባቴ እግር ሥር ይወድቃል።

ሌላ ቦታ የማይፈታበት ምክንያት ነበረው። በዚያ ዓመት የአያ ሞላ የወንድም ልጅ በእብድ ውሻ ተነክሶ ነበር። ጸበል ወሰዱት፤ ውሃ ባየ ቁጥር እየተንቀጠቀጠ ሞተ። ከዚያ ወዲህ ጭራውን ቀብሮ፣ ዝም ብሎ የሚሮጥ ውሻ ከታየ ዱላ የማያነሳ ሰው አልነበረም።

አዝመራ ሲገባ በእኛ አገር ማሳው ሁሉ የጋራ ግጦሽ ይሆናል፤ ካቡም በየቦታው ለከብት ይከፈታል። አንድ የገበያ ቀን አባቴ እንደ ልማዱ መግቢያውን ዘግቶ ቀጮን ፈታው። ከታች በኩል ያለው ካብ ያን ጠዋት መከፈቱን አላየም። ከጦስኙ መሀል ጥንቸል ብድግ አለች። ቀጮም ተከትሏት በተከፈተው ወጣ።

ቁልቁል ሮጥን። ከገበያው መንገድ ሳንደርስ ጩኸቱ ደረሰን።

«እብድ ውሻ! እብድ ውሻ! ልጆች አስገቡ!»

ስንደርስ አልቋል። ቀጮ ጠፍሩን እንዳሰረ ተዘርግቷል፤ አያ ሞላ ዱላውን ይዞ ያለከልካል።

«ጤነኛ ነበር» አለ አባቴ፣ ቀስ ብሎ።

አያ ሞላ ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን አየ። «አንተ ትሙት ደሴ፣ አላወቅሁትም። በገመድ ሲሄድ በየቀኑ አየዋለሁ። ሲሮጥ ግን አይቼው አላውቅም።»

እውነቱን ነበር። እንዳይሞት ብለን ሩጫውን ከካብ ጀርባ ደብቀን ነበር፤ አገሩ የሚያውቀው እርምጃውን ብቻ ነው።

ሰዉ አባቴን በእጁ እንዳይነካው ከለከለው፤ ደሙ ይጋባል ተባለ። ገመዱን ጠፍሩ ላይ ቋጠረና እየሳበ ወደ ገደሉ ወሰደው። ያን ቀን የሳቀ የለም። ማታ እናቴ አያ ሞላን ስትራገም «ተይው፤ እኔም ብሆን እመታ ነበር» አላት አባቴ።

ጋዜጠኛ ከሆንኩ በኋላ ስለዚህ በሽታ ደጋግሜ ጽፌያለሁ። ያኔ ስሙን እንኳ ያልሰማነው የውሻ ክትባት ዛሬ በአገሬም ይታወቃል። አሁን በምኖርበት በአዲስ አበባ፣ ሰፈራችን ሜዳ ላይ ሰዎች ውሻቸውን ሲፈቱ ሳይ ሳልጠይቅ አላልፍም። በቀደም አንዱን ወጣት «ሲሮጥ ሰፈሩ ያውቀዋል?» አልኩት።

«እሱን ደግሞ ማን የማያውቀው አለ፣ እትዬ!» ብሎ ሳቀብኝ።

ሜዳው ዳር የተቀመጡት ሊስትሮዎች ውሻውን በስሙ እየጠሩ ያፏጩለት ነበር። ለአባቴ ብዬ ቀናሁ።